ፍሪ ያላደረግኩት

ልጄ፣

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ላይ ኮድሽን ሳይ፣ «በማሎክ የወሰድሽውን ሜሞሪ ፍሪ አድርገሽ አልመለስሽም እኮ» አልኩሽ። «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ይሰበስበው የለ?» አልሽኝ። ዝም አልኩ። የተናደድኩ መስሎሽ ይሆናል።

እውነትሽን ነው። ፕሮሰሱ፣ ማለት እየሠራ ያለው ፕሮግራም፣ በደህና ወጣም ተገደለም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሊኑክስ ሜሞሪውን ይረከባል፣ የተከፈቱ ፋይሎችንም ይዘጋል። ሠርቶ ቶሎ ለሚወጣ ፕሮግራም ፍሪ ባትጽፊ ማንም አይሞትም። ዝም ያልኩት ሌላ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

በአንቺ ዕድሜ እያለሁ እዚያው ኮምቦልቻ ለአንድ ፋብሪካ የግምጃ ቤት ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጻፍኩ። መጀመሪያ ማታ ማታ ሪፖርት አውጥቶ የሚዘጋ ነበር። አንድም ፍሪ የለውም፤ ማን ጉዳዬ ብሎ! ኋላ «ቀኑን ሙሉ ክፍት ይሁን፣ የሚወጣው ዕቃ ሁሉ እዚያው ወጪ ተብሎ ይመዝገብ» ተባለ። ያንኑ ኮድ ሳይዘጋ እየደጋገመ እንዲሠራ ሉፕ ውስጥ ከተትኩት። በየወጪው የወሰደውን ሜሞሪ ሳይመልስ ያፈስ ጀመር። ማሽኑ ያለው 128 ሜጋባይት ነው። በሦስተኛው ቀን ሜሞሪው ሞልቶ ዲስኩ ይንጫጫል፣ ስታክ ያደርጋል። ማስተካከል ሲገባኝ የግምጃ ቤቱን ሰውዬ «ጠዋት ጠዋት ዘግተው ይክፈቱት» አልኳቸው።

አንድ ሳምንት ሥራ በዝቶባቸው ረሱት። ቅዳሜ ደወሉልኝ። እኔ ደሴ ነኝ፣ ዝናብ ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን በጉም የወረደ ያውቀዋል፤ የፊት መኪና መብራት እንኳ አይታይም። ሰነፍኩ። በስልክ «ኪል፣ ማይነስ 9 ብለው የፕሮግራሙን ቁጥር ይጻፉ» አልኳቸው፤ ፕሮግራሙን በግድ የሚገድል ትእዛዝ ነው። ማሽኑ ተፈታ፣ እኔም ቡናዬን ጠጣሁ።

ሲ ወደ ፋይል የጻፍሽውን ወዲያው አያሳርፈውም። ፕሮሰሱ ሜሞሪ ውስጥ፣ በፈር ላይ ያጠራቅመዋል፤ ብዙ ጊዜ 4096 ባይት እስኪሞላ። ፕሮግራሙ በደህና ሲወጣ ኤግዚት የሚባለው ወደ ፋይሉ ያራግፈዋል። ማይነስ 9 ግን ፋታ አይሰጥም። የአንድ ወጪ መስመር 80 ባይት ነበር። ሃምሳ ያህል ወጪ ማለት ነው። ሊኑክስ ሜሞሪውን አንጠፍጥፎ ሲረከብ እነሱም አብረው ሄዱ።

ሰኞ ቆጠራ ሆነ። ኩሽኔታ ጎደለ። የዕቃውን ገቢና ወጪ በእጅ የሚይዙበትን ቢን ካርድ መጻፍ በእኔ ምክር ቀርቷል። ከደመወዛቸው ሊቆረጥ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። የዚያኑ ዕለት ማታ ገብቶኛል፣ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሰውዬው ጭራሽ እኔን «አብሽር፣ ይገኛል» ይሉኛል። ሁለት ሳምንት የሞዴል 22፣ የዕቃ ወጪ ደረሰኙን፣ ጥራዝ ሲያገላብጡ ከርመው በቅጂዎቹ ነጻ ወጡ። አለቆቹ ምን ሆኖ ነው ሲሉኝ «ማሽኑ ነው» አልኩ። ማሽኑማ ሥራውን ነበር የሠራው።

የዛሬ ልጆች ሁሉን ራሱ በሚሰበስበው በፓይተን ቋንቋ ላይ አድጋችሁ ሜሞሪ እንደ ቧንቧ ውሃ ዝም ብሎ የሚመጣ ይመስላችኋል። ደሴ ውስጥ በጄሪካን ያጠራቀመ ሰው እንዲህ አያስብም። አንቺን አላልኩም፤ አንቺ ቢያንስ ትጠይቂያለሽ። ያቺን ኮድሽን ግን፣ ትንሽም ብትሆን፣ ፍሪ አድርጊበት። ነገ ማን ሉፕ ውስጥ እንደሚከታት አታውቂም።

ሰውዬው ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው አርብ ከመስጊድ ሲወጡ አገኘኋቸው። «ያቺ ማሽን ደህና ናት?» አሉኝ እየሳቁ።

«ደህና ናት ጋሼ» አልኳቸው።