ከመነጽሩ በፊት ጠረጴዛውን ያዙሩት

ጥያቄ፦ «ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። ዕድሜዬ 44 ነው። ቀኑን ሙሉ የተማሪ ጥናትና ማመልከቻ ስጽፍ እውላለሁ። ከሰዓት በኋላ ዓይኔ ይቃጠላል፣ አሸዋ የገባበት ይመስለኛል፣ ግንባሬንም ያመኛል። ‹ብሉ ከት› የሚባለውን፣ የስክሪን ሰማያዊ ብርሃን ያጣራል የተባለውን መነጽር ገዛሁ፤ ምንም ለውጥ የለውም። ደንበኛ ሲገባ እንዳይ ብዬ ስክሪኑን ጀርባውን ለበሩ ሰጥቼ ነው ያስቀመጥኩት። ስክሪኑን ልቀይረው?»

እህቴ፣ ገንዘብዎን ይያዙ። እዚህ ማርቆስ ኮምፒውተር እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ ስክሪን ብሸጥልዎ እኔም በተጠቀምኩ። ግን ጥፋቱ የስክሪኑ አይመስለኝም። ከስክሪኑ ኋላ በሩ ካለ፣ እርስዎ ጽሑፉን ሲያዩ የመንገዱ ብርሃን አብሮ ዓይንዎ ውስጥ ይገባል። ዓይን ለደማቁና ለደብዛዛው በአንድ ጊዜ መመጠን ይቸግረዋል። ስለዚህ ሲጨናበሱ ይውላሉ። በሩ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነማ ከሰዓት ቢብስ አይገርምም።

ጠረጴዛውን ሩብ ዙር ያዙሩትና በሩ በጎንዎ ይሁን። ደንበኛም ሲገባ ያዩታል። ጀርባዎን ለበሩ አይስጡ ብቻ፤ ያኔ ደግሞ መንገዱ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ይታይልዎታል። ሱቁ ጠባብ ኮንቴይነር ሆኖ የማይዞር ከሆነ፣ በፀሐዩ በኩል መጋረጃ ወይም ሸራ ይጣሉ።

ቀጥሎ ድምቀቱ። ባዶ የዎርድ ገጽ ይክፈቱና ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ይያዙ። ስክሪኑ እንደ አምፖል ከበራ ይቀንሱት፤ ከወረቀቱ ይልቅ ከጨለመ ይጨምሩት። ይህን ጠዋትና ማታ መለዋወጥ ያስፈልጋል፤ ሰው ግን አንዴ አስተካክሎ ዓመት ይተወዋል።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሉ እና ሊ የሚለዩት በትንሽ ቅጥያ ነው። በ12 የፊደል መጠን፣ ገጹን ሳያሳድጉ ቀኑን ሙሉ ያንን መለየት ዓይን ይፈጃል። ኮንትሮልን ተጭነው የማውሱን ጎማ ወደ ፊት ያሽከርክሩና 150 በመቶ ላይ ያድርሱት። የሚታተመው መጠን አይለወጥም፤ አይስጉ። ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተውም ሪሶሉሽኑ ‹ሪኮሜንድድ› የሚለው ላይ መሆኑን ይዩ። ከዚያ ውጪ ከሆነ ፊደሉ ጠርዙ ይደበዝዛል።

ስክሪኑ ከፊትዎ ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ የላይኛው ጠርዙ ከዓይንዎ ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። የሚገለብጡትን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አያንጥፉ። ከካርቶን ማቆሚያ ሠርተው ከስክሪኑ ጎን ያቁሙት፤ አንገትዎም ያመሰግንዎታል።

አሸዋው? ሰው በወትሮው በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ይህ በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ዕንባው ይደርቃል፣ ዓይን ይቆረቁራል። በየ20 ደቂቃው ቀና ብለው 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሴኮንድ ይመልከቱ፣ ዓይንዎንም ሙሉ በሙሉ ከደን ከደን ያድርጉ። ቬንትሌተሩንም ከፊትዎ ያዙሩት። በሙቀቱ ጊዜ መዝጋት እንደማይሆንልዎ አውቃለሁ፤ ወደ እግርዎ ይንፋ።

ወደ መነጽሩ ስንመጣ፣ ለውጥ ማጣትዎ አልገረመኝም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ተቋም 17 ጥናቶችን ገምግሞ፣ ሰማያዊ ብርሃን የሚያጣራ ሌንስ ከተራው ሌንስ የተሻለ የዓይን ድካም ላይቀንስ እንደሚችል ገልጿል። ለእርስዎ የሚያሳስበኝ ዕድሜው ነው። ከ40 በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠጠረ ስለሚሄድ የቅርብ ነገር ማየት ይከብዳል። ምናልባት የሚያስፈልግዎ በልክዎ የተለካ፣ ነምበር ያለው መነጽር ነው። የማንበቢያ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ ለመጽሐፍ ርቀት፣ ለ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይለካል። እሱን አድርገው ስክሪን ሲያዩ ሳያውቁት ወደ ፊት ይጎነበሳሉ። ስለዚህ ከዓይንዎ እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ይሂዱና ለሚለካዎት ባለሙያ ይንገሩት። መንገድ ላይ ሞክሮ መግዛት ይቅርብዎ።

አንድ ነገር ግን ከእኔ ሙያ ውጪ ነው። ይህን ሁሉ አስተካክለው መቆርቆሩ ካልለቀቀዎ ጤና ጣቢያ ይታዩ። በአካባቢያችን ትራኮማ አለ፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ የዓይን ሽፋሽፍትም ልክ እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። እይታዎ በድንገት ከቀነሰ፣ ብልጭታ ከታየዎት ወይም ዓይንዎ ቀልቶ ከባድ ሕመም ካለው ደግሞ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።