ከእድሳት በኋላ ሞተሩ ሲንገጫገጭ፦ ፓምፑን ገና አታውርደው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትራክተርህ ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው፤ ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ፣ ናፍጣ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ወርዶ ተሠርቷል፣ ኖዝሎቹ (ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩት) ታድሰዋል፣ ታንኩ ሳይቀር ቀለም ተቀብቷል። አሁን ይነሳል፣ ግን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትጨምርለት በዝግታ ሲሠራ) ይንገጫገጫል፣ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ያወጣል። ነዳጅ ስትጨምርለት ትንሽ ይሻለዋል። ግማሽ ሰዓት ከሠራ ደግሞ አቅም ያጣል። ሰዎች «ፓምፑን አውርደው» እያሉህ ነው፤ ናፍጣውን ገፍቶ ወደ ኖዝሎቹ የሚልከውን ኢንጀክሽን ፓምፕ ማለታቸው ነው።

እባክህ ገና አታውርደው። ከእድሳቱ በፊት ድምፁ ደህና ነበር ብለሃል። ፓምፑን ደግሞ ማንም አልነካውም። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እጅ የገባበት ቦታ ነው። እኔም ይህንኑ ሞዴል አድሼ ሁለት ወር ሙሉ ስንከራተት ከርሜያለሁ፤ ለዚህ ነው ዘርዘር አድርጌ የምጽፍልህ።

የነገርከን ምልክት አንድ በሽታ አይመስለኝም። መንገጫገጩ አንድ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚመጣው ድካም ሌላ ነው። ለየብቻ ያዛቸው።

ከመንገጫገጩ እንጀምር። የትኛው ሲሊንደር እንደሰነፈ ለይ። ሞተሩ ይሙቅና በሚኒሞ ይሥራ። ወደ አንደኛው ኖዝል የሚሄደውን ቱቦ ያሰረውን ዳዶ በትንሹ አላላው፣ ናፍጣ እስኪያንጠባጥብ ብቻ። ድምፁ ወዲያው ከወረደና መንቀጥቀጡ ከባሰ፣ ያ ሲሊንደር ጤነኛ ነው። አጥብቀውና ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው እለፍ። አላልተኸው ምንም ለውጥ ካልሰማህ ሰነፉን አገኘኸው። ሦስቱም እኩል ምላሽ ከሰጡ ወይም ሰነፉ በየጊዜው ከተቀያየረ ግን ነገሩ የነዳጅ ወይም የአየር ነው፤ ከታች እመጣበታለሁ።

እዚህ ላይ አደራ። መነጽር አድርግ፣ እጅህን ከቱቦው አርቅ። ኖዝሉ ናፍጣ የሚረጨው ከ150 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው። ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም ዛሬውኑ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው። ፍሳሽ የምትፈልግ ከሆነ ካርቶን አስጠጋ እንጂ ጣትህን አትስደድ።

የእኔ ሰነፍ ሁለተኛው ነበር። ኖዝሉ አዲስ ስለሆነ አልጠረጠርኩትም ነበር። ሳወጣው ግን አካሉ እስከ ላይ ድረስ ጥላሸት ለብሷል። የሚቃጠለው ጋዝ በጎኑ ሽቅብ እያመለጠ ነበር ማለት ነው። ባትሪ አብርቼ ጉድጓዱን ሳየው ከታች ጥቁር ቀለበት አለ። ሽቦ አጥፌ ጎተትኩት። የድሮዋ የመዳብ ሮንዴላ (ከኖዝሉ ሥር የምትቀመጠው ማሸጊያ ቀለበት) ናት! ቴስታታውን የሠራው ጋራዥ እሷን ሳያወጣ አዲሷን ከላይ ደርቦባታል። ኖዝሉ በሁለት ሮንዴላ ላይ ተቀምጦ ከቦታው ከፍ ብሏል፤ አልገጠመም፣ የሚረጭበት ቦታም ተዛብቷል። ጉድጓዱን አጽድቼ አንድ አዲስ ሮንዴላ ብቻ አስገባሁ። ኖዝሉን የሚይዙትን ሁለቱን ዳዶዎች እያፈራረቅኩ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር አጠበቅኳቸው። አንዱን ጨርሰህ ከዚያ ሌላውን ካጠበቅክ ኖዝሉ ያዘማል፣ እንደገናም ያስተነፍሳል። ሞተሩን ሳስነሳው ድምፁን ማመን አቃተኝ።

አንተ ጋ ሮንዴላው ደህና ከሆነ፣ የሰነፉን ኖዝል ከጤነኛው ጋር አቀያይር፤ በየጊዜው አዲስ ሮንዴላ እየተጠቀምክ። ስንፍናው ኖዝሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የኖዝሉ ነው። እዚያው ከቀረ ግን ቫልቮችን እይ። ክፍተታቸው (በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው) ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ቴስታታ ከታሰረ በኋላ ሞተሩ ሲሞቅ ጋርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ይተኛል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ቫልቩ በደንብ ካልተዘጋ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የሚታመቅበት ኃይል) ይወርዳል፣ ናፍጣው ሳይቃጠል ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ቴስታታው እንደገና መጠበቅ፣ ክፍተቱም እንደገና መለካት ነበረበት። ይህን አድርገሃል? በጥያቄህ ላይ አልጠቀስከውም። ክፍተቱም ልክ ሆኖ ካልተሻለው ኮምፕሬሽኑን አስለካ።

አሁን ወደ ድካሙ። የታንኩን ክዳን ገልብጠህ እይ። አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለው። የእኔ በቀለም ተደፍኖ ነበር። ናፍጣው ሲቀንስ በቦታው አየር ካልገባ ታንኩ ውስጥ መሳሳብ ይፈጠራል፣ ነዳጁም መውረድ ያቅተዋል። አቅም ሲያጣ ክዳኑን ክፈትና ጆሮህን ስጠው። «ፉ» ብሎ አየር ከሳበና ሞተሩ ነፍስ ከዘራ፣ መልሱ ይኸው ነው።

ካልሆነ የታንኩን ቧንቧ ዝጋና የነዳጁን መስመር ከታች፣ የእጅ ማንሻ ካላት ትንሿ የነዳጅ ፓምፕ ላይ ፍታው፤ ከዚያ ቧንቧውን ክፈት። ታንኩ ከላይ ስለሆነ ናፍጣው በራሱ ክብደት ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። የሚንጠባጠብ ከሆነ ታንኩ ውስጥ ያለችው የቧንቧው ወንፊት በዝገት ቅርፊት ተደፍናለች። ታንክ ሲታጠብና ሲመታ የሚረግፈው ዝገት ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ወንፊቷን ካጸዳህ ፊልትሮውንም (የናፍጣ ማጣሪያውን) ቀይር፤ ማሸጊያ ጎማዎቹ ታጥፈው እንዳይገቡ።

ከዚያ አየሩን አስወጣ። ቅደም ተከተሉን ጠብቅ፦ መጀመሪያ ፊልትሮው ላይ፣ ቀጥሎ ኢንጀክሽን ፓምፑ ላይ ባሉት ሁለት የአየር ማስወጫ ቪቴዎች (ብሎኖች)፣ በመጨረሻ ኖዝሎቹ ጋ። የእጅ ማንሻዋን እየነካካህ አረፋው ጠፍቶ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወጣ ታገሥ። በማግስቱ አየሩ ተመልሶ ከመጣ አንድ የመዳብ ሮንዴላ ወይም አንድ መጋጠሚያ አየር እየሳበ ነው።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ካልተስተካከለ ያኔ ስለ ፓምፑ እንነጋገራለን። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ የሚታየው ፓምፑ ላይ ያለው የማስገጠሚያ ምልክት (ጭረት) ከሞተሩ ጭረት ጋር መግጠሙ ነው። ውስጡ የሚከፈተው የመለኪያ ማሽን ባለው ባለሙያ ብቻ ነው።

ሁለት ነገር በአንድ ቀን አትቀይር፤ የትኛው እንዳዳነው አታውቅም። መጀመሪያ ዳዶዎቹን እያላላህ ፈትሽና የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ጻፍልን። ኖዝሉን ስታወጣ አካሉ ላይ ጥላሸት ካለ ፎቶውን ለጥፈው፣ አየዋለሁ።