መልስ፦ አቶምና ሞለኪውል ለሥነ ምግብ ተማሪ ምን ያደርጋሉ?

እህቴ፣ «ሥነ ምግብ ነው የምማረው፤ አቶምና ሞለኪውል በምን ይለያሉ? ለእኔስ ምን ይጠቅሙኛል?» ብለሻል። አቶም የአንድ ንጥረ ነገር ትንሿ ቅንጣት ናት፤ አቶሞች በኬሚካዊ ትስስር ሲያያዙ ሞለኪውል ይባላሉ። ትርጉሙ ይኸው ነው። ቁም ነገሩ ያለው አያያዛቸው ላይ ነው።

እዚሁ ጅማ ገበያ የምትገዢውን ማር ውሰጂ። ውስጡ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ ሁለት ቀላል የስኳር ዓይነቶች አሉ። ሁለቱም 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን፣ በድምሩ 24 አቶም አላቸው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ አደራደሩ ስለሚለያይ ግን ፍሩክቶስ ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ሰውነትም የሚያስተናግደው በተለየ መንገድ ነው። ሁለቱ አንድ የውሃ ሞለኪውል ጥለው ሲጣመሩ ደግሞ ቡናሽ ላይ የምትጨምሪው ስኳር፣ ሱክሮስ፣ ይሆናሉ፦ 45 አቶም። ትንሹ አንጀትሽ አንድ ውሃ መልሶ ጨምሮ ይፈታዋል። የስኳር መፈጨት ማለት ይሄው ነው! ኬሚስትሪን ያስወደደኝም ይህ ነጥብ ነው።

ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይንም 24 አቶም አለው፤ ነገር ግን 4ቱ ናይትሮጅን ናቸው፤ የሚያነቃሽም አንጎል ውስጥ እንቅልፍ እንዲመጣ የሚያደርገውን የአዴኖሲንን ቦታ ስለሚይዝ ነው እንጂ እንደ ስኳር ጉልበት ሰጥቶሽ አይደለም።

ቀመሩን ከመሸምደድሽ በፊት የግሉኮስን ቀለበት (አቶሞቹ ክብ ሠርተው የሚያያዙበትን ቅርጽ) በእጅሽ ሳዪው፤ የከበደሽ ቦታ ካለ እዚሁ ጠይቂኝ።