ባክቴሪያ፣ ቫይረስ ወይስ ኢንዛይም? የምርምር መስክ ለመምረጥ ለተቸገሩ ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂዬ፣

በማይክሮባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዎን ለማጠናቀቅ አንድ ሴሚስተር እንደቀረዎት፣ በአካባቢና በኢንዱስትሪ ማይክሮባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዎን ለመቀጠል እንደሚፈልጉ፣ ነገር ግን አንዱ በባክቴሪያ፣ ሌላው በቫይረስ፣ ሦስተኛው በኢንዛይም ላይ ከሚሠሩ ሦስት የምርምር ቡድኖች የቱን እንደሚመርጡ መወሰን እንዳቃተዎት ጽፈውልኛል። ከሕክምና ላቦራቶሪ ውጭ ያለ ማይክሮባዮሎጂ መተዳደሪያ አይሆንም የሚሉዎት ሰዎች መኖራቸውንና የኮምፒዩተር ችሎታዎ ማነሱ እንደሚያሳስብዎትም ገልጸዋል። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ በቅድሚያ የምነግርዎት ነገር ቢኖር ሦስቱን እንደ ሦስት የተለያዩ ሙያዎች መመልከትዎ ምርጫውን ከሚገባው በላይ እንዳከበደብዎት ነው።

ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥነውን ፕሮቲን፣ ማለትም ኢንዛይሙን፣ የሚሠራው ባክቴሪያው ነው፤ ባክቴሪያውን የሚያጠቃው ደግሞ ቫይረሱ ነው። በመስኩ ታላላቅ የሚባሉት ውጤቶች የተገኙትም ተመራማሪዎች ከአንዱ ተነሥተው ወደ ሌላው ሲሻገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ቶማስ ብሮክ የተባሉት ተመራማሪ በአሜሪካ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ከሚገኝ ፍል ውሃ በተወሰደ ናሙና ላይ ሲሠሩ፣ በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚያድግ ባክቴሪያ ለይተው ያወጡት ሃድሰን ፍሪዝ ከተባለ ተማሪያቸው ጋር ነበር፤ ፍሪዝ በዚያን ጊዜ እንደ እርስዎ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነበር። ባክቴሪያውን ቴርመስ አኳቲከስ ብለው ሰይመው በ1969 አሳተሙት፤ ዝርያውንም ሌሎች ተመራማሪዎች ሊያገኙት በሚችሉበት የዝርያዎች ማከማቻ አስቀመጡት። ከዓመታት በኋላ፣ ካሪ ሙሊስ በ1983 ያፈለቁት፣ ጥቂት ዲኤንኤን ደጋግሞ በማሞቅና በማቀዝቀዝ የሚያባዛው የፒሲአር ዘዴ በየማሞቂያው ዙር የማይበላሽ ኢንዛይም ባስፈለገው ጊዜ፣ የተገኘው ከዚሁ ባክቴሪያ ነበር። ዝርያው በአንድ ላቦራቶሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ቀርቶ ቢጠፋ ኖሮ ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር፤ ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

የቫይረሱም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። ወተትን በሚያብላሉ ፋብሪካዎች ፋጅ የሚባሉት የባክቴሪያ ቫይረሶች ጋኑ ውስጥ ከገቡ የምርቱ መነሻ የሆነውን ባክቴሪያ በሰዓታት ውስጥ ሊጨርሱት ይችላሉ። ይህን ጉዳት ለመከላከል ስትሬፕቶኮከስ ቴርሞፊለስ በተባለው ባክቴሪያ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ ከጥቃቱ የተረፉት ባክቴሪያዎች ከቫይረሱ ዲኤንኤ ቁራጭ ወስደው በራሳቸው ዲኤንኤ ውስጥ እንደሚያስቀምጡና በዚያም ዳግም ጥቃትን እንደሚመክቱ አሳየ። ይህ የክሪስፐር ሥርዓት ነው። ኤማኑኤል ሻርፐንቲዬና ጄኒፈር ዳውድና በዚሁ ሥርዓት ላይ ተመሥርተው ላበጁት የዘረመል ማረሚያ መሣሪያ በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የእርጎ ፋብሪካ ችግር ይህን ያህል ርቆ መሄዱ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ስለዚህ የማቀርብልዎት ጥያቄ ሌላ ነው፤ የትኛው ችግር እንቅልፍ ይነሣዎታል? በወንዝ ውስጥ የሚቀር የማቅለሚያ ኬሚካል፣ በዘይት የተበከለ አፈር፣ የማይበሰብስ ፕላስቲክ፣ በቫይረስ የሚበላሽ ምርት ሊሆን ይችላል። ችግሩን ከመረጡ በኋላ መሣሪያው ራሱ ይመጣል፤ ፕላስቲክን ምሳሌ አድርገን እንውሰድ። የጃፓን ተመራማሪዎች ከፕላስቲክ ጠርሙስ መልሶ መጠቀሚያ ሥፍራ 250 ናሙናዎች ሰብስበው፣ ፔት የተባለውን ፕላስቲክ የሚመገብ አይዲዮኔላ ሳካይኤንሲስ የተባለ ባክቴሪያ ለይተው በ2016 አሳወቁ። ባክቴሪያው በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ስስ የፕላስቲክ ሽፋንን ለመጨረስ 6 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ከበሰበሰ ቅጠል ክምር በቀጥታ ዲኤንኤ አውጥተው፣ ባለቤቱ የሆነውን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ሳያሳድጉ አንድ ኢንዛይም አገኙ፤ የዚህ ኢንዛይም የተሻሻለ ዓይነት አስቀድሞ የተዘጋጀ ፔት ፕላስቲክን በ10 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 90 በመቶ ወደ መነሻ ኬሚካሎቹ መመለስ እንደቻለ በ2020 ታትሟል። አንዱ ቡድን በፔትሪ ሳህን፣ ሌላው በዲኤንኤ ቅደም ተከተል ጀመረ፤ ችግሩ ግን አንድ ነበር።

ከሦስቱ ቡድኖች አንዱን ሲመርጡ ታዲያ ከርዕሱ ይልቅ የሥራውን አያያዝ ይመርምሩ። የቡድኑን ነባር ተማሪዎች አማካሪው በሌሉበት ያነጋግሩ፤ ውጤት ያልሰጠ ሙከራ ምን እንደሚደረግበት፣ አማካሪው የጥሬ መረጃ መዝገባቸውን ያዩላቸው እንደሆነ፣ መሣሪያ ሲበላሽ ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ ይጠይቁ። ለሚመሰገን ርዕስ ብለው መረጃ የሚቸኮልበት ቡድን ውስጥ ከሚገቡ፣ ተራ በሚመስል ርዕስ ላይ በጥንቃቄ የሚሠራ ቡድን ውስጥ ቢገቡ ለወደፊት ሕይወትዎ ይበጃል ብዬ አምናለሁ።

ጥንቃቄ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ማቅለሚያን የሚያፈርስ ባክቴሪያ አገኘሁ የሚል ተማሪ በፍላስኩ ውስጥ ያለው ቀለም መጥፋቱን ያሳያል፤ ነገር ግን የሞቱ ሕዋሳት እንኳ ቀለምን ወደ ራሳቸው ስበው ውሃውን ሊያጠሩት ስለሚችሉ፣ በሙቀት የተገደለ ባክቴሪያ የያዘ ማነጻጸሪያ ፍላስክ ጎን ለጎን ካልተቀመጠ ቀለሙ ፈረሰ ወይስ ተለጠፈ የሚለው አይታወቅም። ቢፈርስም እንኳ ስባሪው ከመነሻው የባሰ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ አዞ የተባሉት ማቅለሚያዎች ኦክስጅን በሌለበት ሲፈርሱ አንዳንዶቹ አሚን የተባሉ ለካንሰር የሚያጋልጡ ኬሚካሎችን ይሰጣሉ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከሙከራው በፊት ማንሣት የሚችል ሰው ቀጣሪዎች በእጅጉ የሚፈልጉት ሰው ነው። በኢንዛይም ሥራም እንዲሁ፣ ፍጥነቱ የሚለካው መነሻው ኬሚካል ገና ሳያልቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች መሆኑን የዘነጋ ተማሪ የወራት መረጃ መጣል ግድ ይሆንበታል። በላቦራቶሪ በሠራሁባቸው ዓመታት እኔ ራሴ የለየኋቸውን ዝርያዎች በአንድ ማቀዝቀዣ ብቻ አስቀምጬ፣ ማቀዝቀዣው በበዓል ሰሞን በመቆሙ የአንድ ዓመት ልፋት አጥቻለሁ። ስለዚህ እያንዳንዱን ዝርያ ሕዋሳትን ከቅዝቃዜ ጉዳት ከሚጠብቀው ግሊሴሮል ከተባለ ፈሳሽ ጋር ቀላቅለው በሁለት የተለያዩ ማቀዝቀዣዎች ያኑሩ፤ ዋና ዋናዎቹንም በዝርያዎች ማከማቻ ያስመዝግቡ።

የኮምፒዩተሩ ጉዳይ እርስዎ እንደሚፈሩት አይደለም። በተለመደው ማብቀያ ላይ የሚያድገው የአካባቢ ባክቴሪያ ከጠቅላላው ትንሽ ክፍል ብቻ ስለሆነ በኮምፒዩተር የሚተነተነውን የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ንባብ መማርዎ ግድ ነው፤ ሆኖም በስታቲስቲክስና በአንድ የፕሮግራም ቋንቋ መሠረቱን ከያዙ ቀሪውን የራስዎ መረጃ ያስተምርዎታል።

መተዳደሪያ አይሆንም የሚለውን ስጋት ግን በቸልታ አላልፈውም። በንጹሕ ምርምር ላይ የሚገኘው የሥራ ቦታ ጥቂት ነው፤ ይህን ደብቄዎት ብመክርዎት አጭበረበርኩዎት ማለት ነው። ብዙዎቹ ተመራቂዎች ሥራ የሚጀምሩት በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ፣ በመጠጥ ውሃ ጥራት ምርመራ፣ በምግብና መጠጥ ወይም በመድኃኒት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ነው፤ የሳሙና፣ የጨርቃ ጨርቅና የቆዳ ኢንዱስትሪዎችም ኢንዛይም ይጠቀማሉ። ከዚያ መጀመርን እንደ ውድቀት አይቁጠሩት። በትንሽ ፍላስክ የሠራው ሂደት በሺህ ሊትር ጋን ውስጥ ለምን እንደሚከሽፍ፣ ኦክስጅን ለሕዋሳቱ በበቂ ሁኔታ እንዴት እንደሚደርስ፣ ሕዋሳቱ የሚያመነጩት ሙቀት በምን እንደሚወጣ በዓይኑ ያየ ሰው ወደ ምርምር ሲመለስ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች የበሰሉ ይሆናሉ። ከትምህርቱ ጋር ጥቂት የኬሚካል ምሕንድስና ኮርሶችን ቢወስዱ ደግሞ ሁለቱን ቋንቋ የሚናገር ሰው ይሆናሉ፤ እንዲህ ያለ ባለሙያ በየፋብሪካው እንደሚታጣ ከቀጣሪዎች ጋር በማደርገው ንግግር ዘወትር እሰማለሁ።

አሁን የቀረዎትን ሴሚስተር እንዲህ ይጠቀሙበት። ከሦስቱ ቡድኖች የእያንዳንዳቸውን የቅርብ ጊዜ ጽሑፍ አንድ አንድ ወስደው የዘዴ ክፍሉን ያንብቡ፤ የትኛው ማነጻጸሪያ እንደጎደለ ወይም የትኛው ቀጣይ ሙከራ ቢሠራ ደስ እንደሚልዎት በአንድ አንቀጽ ይጻፉ። ለአማካሪዎቹ በሚልኩት ደብዳቤ ውስጥ መስኩን እንደሚወዱ ከመግለጽ ይልቅ ያንን አንቀጽ ያስገቡ፤ ለሁለት ሳምንት ላቦራቶሪያቸው ውስጥ ሥራ እያዩ እንዲቆዩ ይፈቅዱልዎት እንደሆነም ይጠይቁ። መልሳቸው ሲደርስዎት ይላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።