«ወንዱ ልጄ ሲኒ ደርድሮ ቡና ያፈላል»

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሲሆን የስድስት ዓመት ሴትና የአራት ዓመት ወንድ ልጆች አሉኝ። ወንዱ ልጄ ቡና ሳፈላ አጠገቤ ይቀመጥና የተሸራረፉ ሲኒዎችን ካርቶን ላይ ደርድሮ፣ ጭቃ በጥብጦ፣ «አቦል ደርሷል፣ ጠጡ» እያለ ይጫወታል፤ የእኅቱንም አሻንጉሊት አዝሎ ይዞራል። ታላቋ ደግሞ ከሰፈር ወንዶች ጋር የሽቦ መኪና ስትነዳ ትውላለች። አማቴ ይህን ባዩ ቁጥር «ልጁን ሴታሴት፣ ልጅቱን ወንዳወንድ አደረግሽብኝ» ይሉኛል። ባለቤቴም በእንግዳ ፊት አፍሮ አሻንጉሊቱን ከቁም ሳጥን ላይ ስለሰቀለው ልጁ ሲያለቅስ አመሸ። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ሴቷ ልጄ ራሷ «ወንድ ቡና አያፈላም» ብላ ከወንድሟ እጅ ሲኒ መንጠቋ ነው። አማቴ ሶላታቸውን የማያስታጉሉ፣ የማከብራቸው እናት ናቸውና ላስቀይማቸው አልፈልግም። ምን ላድርግ?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመው አሻንጉሊቱን ከቁም ሳጥኑ ላይ ያውርዱለት። የአራት ዓመት ልጅ የሚወደውን ዕቃ በቁጣ ሲነጠቅ የአዋቂዎቹን ሥጋት መርምሮ ሊረዳ አይችልም፤ በልቡ የሚቀረው የወደደው ነገር የሚያሳፍር መሆኑ ብቻ ነው።

ጨዋታውንም እስቲ እርሱ በሚያይበት ዓይን እንየው። በወሎ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ጎረቤት የሚሰበሰብበት፣ ዕጣን የሚጨስበት፣ ያዘነ የሚጽናናበት፣ ከአቦል እስከ በረካ ዱዓና ምርቃት የሚወርድበት ሰዓት ነው። ትልልቆቹ ሁሉ ረከቦቱን ከበው ሲቀመጡና እናቱ ከመካከል ሆና ለሁሉም ስትቀዳ የሚያይ ሕፃን ከዚህ የሚበልጥ ምን የሚያስቀና ሥራ ያገኛል? ልጅዎ የሚለማመደው እንግዳ መቀበልን ነው፤ አሻንጉሊቱንም ሲያዝል የሚመስለው እርሱን አዝለው ያሳደጉትን ሰዎች ነው። ልጆች እንዲህ ሲያስመስሉ በሌላ ሰው አፍ መናገርን፣ ተራ መጠበቅን፣ የሚያለቅስን ማባበልን ይማራሉ፤ ቋንቋቸውም ይሰፋል። ነገ አባት የሚሆን ልጅ ይህን ሁሉ ሊነፈግ አይገባውም ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

«ሴታሴት ይሆናል» የሚለውን ሥጋት በተመለከተ፣ ልጆች ወንድ ወይም ሴት መሆናቸውን መለየት የሚጀምሩት ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ይህ በልብስ ወይም በጨዋታ የማይለወጥ መሆኑን በቅጡ የሚረዱት ግን ብዙውን ጊዜ ስድስትና ሰባት ዓመት ገደማ ሲደርሱ ነው። ከዚያ በፊት ቀሚስ የለበሰ ወንድ ሴት የሚሆን ሊመስላቸው ስለሚችል የሰሙትን ደንብ ከአዋቂ ይልቅ አጥብቀው ይይዛሉ። ሴት ልጅዎም ሲኒውን የነጠቀችው ከአያቷ የሰማችውን ደንብ ለማስከበር ነውና አይቆጧት። በቃል ከመከራከርም ይልቅ የምታውቀውን ሰው ይጥሩላት፤ በሰፈራችሁ ምግብ ቤት ወጥ የሚሠራ፣ ወይም ሻይ አፍልቶ የሚሸጥ ወንድ ካለ እርሱን ማስታወስ ይበቃታል።

ለነገሩ እኛ አዋቂዎችስ «የወንድ» እና «የሴት» የምንለውን የት አገኘነው? በአገራችን ጥጡን በእንዝርት የምትፈትለው ሴት፣ ፈትሉን ተቀብሎ የሚሸምነው ወንድ ነው፤ በጓቲማላ በሚኖሩት ማያዎች ዘንድ ግን መሸመኛውን ከወገቧ አስራ የምትሸምነው ሴት ናት። ስፌትንም ይመልከቱ። መሶብ በስንደዶና በአክርማ ሲሰፋ የሴት ሙያ ይባላል፤ ልብስ በሱቅ በረንዳ ላይ በስፌት መኪና ሲሰፋ የወንድ ሙያ ይሆናል፤ ወደ ኮምቦልቻ ወርደው በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ቢያዩ ደግሞ በዚያው በስፌት መኪና ፊት የተቀመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እኔ ራሴ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። ከአባቴ እግር ሥር ተቀምጬ በቁርጥራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ስሠራ፣ ዓይኗን በጥቁር አዝራር የሚተክልልኝ እርሱ ነበር፤ አንድም ደንበኛ በዚህ ሲያፍርበት አላየሁም።

አማትዎን በሚያከብሩት በሃይማኖታቸው በኩል ቢቀርቧቸው ይሻላል እላለሁ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ፣ ልብሳቸውን ይሰፉ፣ ጫማቸውን ይጠግኑ እንደነበር ባለቤታቸው ዓኢሻ መናገራቸው በሐዲስ የተላለፈ ነው። ሶላታቸውን የማያስታጉሉ እናት ይህን ከእኔም ከእርስዎም በላይ ሳያውቁት አይቀርምና በክርክር መልክ ሳይሆን «እማማ፣ ይህን ታሪክ ለልጁ ቢነግሩት» ብለው ይጠይቋቸው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችሁም ቢሆኑ ሴት በማትገባበት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ምግቡን የሚያዘጋጁት ወንዶቹ ራሳቸው መሆናቸውን ያውቃሉ፤ ይህን የሚያነሣባቸውም የለም።

ባለቤትዎን ግን በእናታቸው ፊት አይሞግቷቸው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ልጁ ምን ያህል እንዳለቀሰ ይንገሯቸው፤ በማግስቱም ልጁ በጭቃ ያፈላውን «ቡና» ይዞላቸው ሲመጣ ተቀብለው እንደጠጡ እንዲያስመስሉ ብቻ ይለምኗቸው። አባት አንድ ጊዜ የተቀበለው ሲኒ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ልጁ ነገ ሲኒውን ትቶ ወደ ኳስ ቢሄድም አይመልሱት፤ ልጅን በግድ አሻንጉሊት ማሳቀፍም ከመንጠቅ የተለየ አይደለም።

የሴት ልጅዎን የሽቦ መኪና በተመለከተ ጥቂት ልጨምር። ሽቦ ማጠፍ፣ አራት ቆርኪ አመዛዝኖ ጎማ ማድረግ፣ መሪውን አስረዝሞ ሳይገለበጥ ማዞር፣ ሁሉም ልኬትንና ቅርጽን በእጅ የሚያስተምሩ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ልምምድ በኋላ በትምህርት ቤት ለሒሳብና ለሥዕላዊ ንድፍ ይረዳታል። ስትነዳ ብቻ ሳይሆን ራሷም እንድትሠራ ያድርጓት። ሽቦውን በፒንሳ የሚቆርጥላት አባቷ ቢሆን መልካም ነው፤ የሽቦው ጫፍ ዓይን ስለሚወጋ ወደ ውስጥ ታጥፎ በጨርቅ መጠቅለሉን ግን እርስዎ ይዩላት።