ሹፌሩ «እኔ መኪና ነው ያከራየሁት» ቢልሽ

እህቴ፣ አዳማ ውስጥ ከዳቤ ወደ ቦሌ ቤት ስትቀይሪ ቴሌቪዥንና ወርቅ ያለበት ሻንጣ እንደጠፋብሽ ጽፈሻል። ሹፌሩም፣ ጫኞቹም፣ ደላላውም «እኔን አይመለከተኝም» ብለውሻል። ማንን ልጠይቅ ነው ያልሽው። እዚሁ አዳማ የዛሬ ሦስት ዓመት እኔም ላይ ደርሷል።

ከፍራንኮ ወደ ፖስታ ቤት አካባቢ ነበር የለቀቅነው። ደላላ አይሱዙ አገናኘኝ፤ ሹፌሩ ሦስት ልጆች ይዞ መጣ። በሁለተኛው ዙር እኔ ቁልፍ ላስረክብ ቀረሁ፣ መኪናው ቀድሞኝ ሄደ። ማታ ስንፈታታ ላፕቶፑ፣ ሚክሰሩና የባለቤቴ የሐበሻ ቀሚሶች ያሉበት ሻንጣ የሉም። ስደውልለት «እኔ መኪና ነው ያከራየሁት፣ ልጆቹን አላውቃቸውም» አለ።

ያዳነኝ ሳላስበው ያደረግኩት ነገር ነው። የመኪናውንም የጫኞቹንም ሒሳብ በአንድ ላይ ለሹፌሩ በቴሌብር ልኬ ነበር። ጎረቤቴ ጠበቃ ነው፤ ደረሰኙን ሲያይ ሳቀ። «ይዟቸው የመጣው እሱ፣ የሚከፍላቸው እሱ፤ ታዲያ አሠሪያቸው ማን ሊሆን ነው?» አለኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2130 ሠራተኛ በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል። ጫኞቹን አንቺው ከመንገድ ጠርተሽ ለብቻ ከፍለሽ ከሆነ ግን በዚህ በኩል ሹፌሩን መያዝ ይከብዳል። ያም ሆኖ «አደርሳለሁ» ብሎ ዕቃ የተረከበ አጓጓዥ እስኪያስረክብ ድረስ ኃላፊነት አለበት። አንቺ ጋቢና ገብተሽ አብረሽ ከሄድሽ «ራሷ ስትጠብቅ ነበር» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ ተዘጋጂበት።

ደላላውን ለመክሰስ አትድከሚ፤ ሥራው ማገናኘት ነው። ለምስክርነት ግን ያስፈልግሻል፣ አታኳርፊው።

ፖሊስ ጋ ዛሬውኑ ሂጂ። ነገሩ በወንጀል ሕጉ ስርቆት (ቁጥር 665) ወይም እምነት ማጉደል፣ ማለትም በአደራ የተቀበሉትን ዕቃ ለራስ ማድረግ (ቁጥር 675)፣ ሊሆን ይችላል፤ እሱን መለየት የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። ካሳሽን ከወንጀል ክሱ ጋር መጠየቅ ትችያለሽ። ለብቻው ከውል ውጭ በሆነ ኃላፊነት፣ ማለትም ውልን ሳይሆን የደረሰብሽን ጉዳት መሠረት አድርገሽ፣ የምትከሺ ከሆነ በመሠረቱ ሁለት ዓመት ነው ያለሽ፤ አታዘግዪው።

እኔን ያለፋኝ ግን ሕጉ ሳይሆን ማስረጃው ነው። ላፕቶፑ ካርቶኑ ላይ መለያ ቁጥሩ ነበረ፣ ሚክሰሩም ደረሰኝ ነበረው። ስለ ቀሚሶቹ ግን ከእኔና ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ስለ ወርቁ እውነቱን ልንገርሽ፦ ሠርግ ላይ አድርገሽው የተነሳሽው ፎቶ የአንቺ መሆኑን ያሳያል እንጂ ያን ቀን ሻንጣው ውስጥ እንደነበር አያሳይም። ስታሽጊ ያየ ሰው ካለ፣ እህትም ትሁን ሠራተኛ፣ ስሟን ለመርማሪው አስመዝግቢ።

የእኔ ነገር ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ አለቀ። ሹፌሩ የላፕቶፑንና የሚክሰሩን ከፈለ። ቀሚሶቹ ቀሩ፤ በዓል በመጣ ቁጥር ይነሳሉ።

የመኪናውን ታርጋ ይዘሻል? ከሌለሽ ደላላውን አሁኑኑ ጠይቂው፣ ሹፌሩ ሳይቀድምሽ።