በዓሣ የተኳረፉት ሁለት አገሮች

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባሕር ዳር የ9ኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። “ሁለት አገሮች የዲፕሎማሲ ግንኙነታቸውን አቋረጡ” ሲባል ተማሪዎቼ ወዲያው ጦርነት ነው የሚመስላቸው። አንዷ ደግሞ “አውሮፓውያንስ እርስ በርስ እንዲህ ያደርጋሉ? አንድ የጦር ቃል ኪዳን ውስጥ እያሉ?” ብላ አፋጠጠችኝ። መልስ አጣሁ። ኤምባሲው ይዘጋል? ሕንፃውስ የማን ይሆናል?

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎ ጎበዝ ናት። አዎ፣ ያደርጋሉ። ያውም በዓሣ ምክንያት። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ብዙም አይገርመውም ብዬ ልገምት።

አገሮቹ አይስላንድና እንግሊዝ ናቸው። ሁለቱም የኔቶ መሥራቾች ናቸው። አይስላንድ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1976 ከእንግሊዝ ጋር ያላትን ግንኙነት ቆረጠች። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ያን ጊዜ የአይስላንድ ሕዝብ 220,000 ገደማ ነበር። ጦር ሠራዊት የላትም። ያሏት ጥቂት የባሕር ጠረፍ ጠባቂ መርከቦች ናቸው። ኑሮዋ ግን ዓሣ ነው፤ በተለይ ኮድ የሚባለው። ከእንግሊዝ ከተሞች ከሀልና ከግሪምስቢ የሚነሱ ትልልቅ የዓሣ መርከቦች ደግሞ ደጃፏ ድረስ እየመጡ ያንኑ ያጠምዳሉ።

ስለዚህ አይስላንድ ለራሷ ብቻ የምታጠምድበትን የባሕር አጥር እየገፋች ሄደች። በ1952 ከጠረፏ 4 የባሕር ማይል፣ በ1958 12፣ በ1972 50። በ1975 ጭራሽ 200 አለች። 200 የባሕር ማይል 370 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ እርስዎ ጋ በቀጥታ መስመር ካለው ርቀት ይበልጣል። እንግሊዝ “ይህማ የሁሉም ባሕር ነው” ብላ እምቢ አለች።

አሁን አይስላንድ የተጠቀመችበትን የመረብ መቁረጫ ልንገርዎ፤ ተማሪዎችዎ ይወዱታል። ነገሩ ስለት ያለው መልሕቅ ይመስላል። የአይስላንድ ጠባቂ መርከብ ከኋላዋ በገመድ ትጎትተዋለች። መረብ በሚጎትተው የእንግሊዝ መርከብ ኋላ አቋርጣ ስታልፍ፣ መረቡን የያዘው የብረት ገመድ ብጥስ ይላል። መረቡ ከነዓሣው ባሕር ውስጥ ይቀራል። ሰው አይሞትም፣ ጥይት አይተኮስም፣ የቀኑ ገቢ ግን ሰጠመ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሞከረው ሴፕቴምበር 5 ቀን 1972 ነው። ስሙንና ቁጥሩን የሸፈነ አንድ የእንግሊዝ መርከብ “ማን ነህ?” ሲባል መልስ አልሰጠም። ይልቁንስ በሬዲዮው “ሩል ብሪታኒያ” የሚለውን የአገር ዘፈን ለቀቀባቸው። መረቡ ሲቆረጥ ግን ዘፈኑ ቀርቶ ስድብ ሆነ። ከሰል ወረወሩ፣ ቆሻሻ ወረወሩ፣ በመጨረሻ መጥረቢያ።

በ1975 መጨረሻ እንግሊዝ አጥማጆቿን የሚጠብቁ የጦር መርከቦች ላከች። የአንድ ቃል ኪዳን አባላት መርከቦች ቀዝቃዛ ባሕር ላይ በግንባር ይላተሙ ጀመር። አይስላንድ ግንኙነቱን የቆረጠችው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። መቁረጥ ጦርነት ማወጅ አይደለም። ኩርፊያ ነው፤ ሥርዓት ያለው ኩርፊያ። ባልና ሚስት ሲኳረፉ “ለአባትህ እራቱ ቀርቧል በለው” እንደሚባለው ነው። ልጁ መሐል ሆኖ ያመላልሳል፣ እራቱ ግን ይበላል። አገሮችም እንዲሁ ሦስተኛ አገር ያስገባሉ። ስዊዘርላንድ በዚህ የታወቀች ናት፤ ከ1980 ጀምሮ ቴህራን ላይ የአሜሪካንን ጉዳይ የምትከታተለው እሷ ናት። የ1961ዱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 45 ደግሞ አምባሳደሩ ቢወጣም፣ ጦርነት እንኳ ቢሆን፣ ሕንፃውን፣ ንብረቱንና መዝገቡን ባለ አገሩ ማክበርና መጠበቅ አለበት ይላል። ስለዚህ ሕንፃው የማንም አይሆንም፤ የባለቤቱ ነው። ቆንስላም በዚህ ብቻ አይዘጋም፤ እሱ የራሱ ስምምነት አለው።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የአውሮፓ ኤምባሲ 22 ዓመት በፀሐፊነት ሠርቻለሁ። ብዙ የተቃውሞ ደብዳቤ በእጄ አልፏል። “ኖት ቨርባል” ይባላል። ውስጡ የቱንም ያህል ቢመር አጀማመሩ አንድ ነው፤ “ኤምባሲው ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ያለውን ከፍተኛ አክብሮት እየገለጸ…”። አንድ ቀን ቸኩዬ “ከፍተኛ” የምትለዋን ቃል ዘለልኳት። አለቃዬ ደብዳቤውን መለሰልኝ። “እየተጣላን እኮ ነው” አልኩት። “ለዚህ ነው ቃሏ የምታስፈልገው” አለኝ። እንደገና ተየብኩት፤ ከነካርቦኑ።

ከመቁረጥ በታች ደግሞ ብዙ ደረጃ አለ። አምባሳደሩን ጠርቶ መገሠጽ አለ። ዲፕሎማቱን በ24 ሰዓት ውጣልኝ ማለት አለ፤ ለዚህ ምክንያት መናገር እንኳ አያስፈልግም። የራስን አምባሳደር “ለምክክር” ብሎ መጥራትም አለ። ፈረንሳይ በፌብሩዋሪ 2019 አምባሳደሯን ከሮም የጠራችው እንዲህ ነው፤ የኢጣልያ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የፈረንሳይን መንግሥት የሚቃወሙትን ቢጫ ሰደርያ ለባሾች አግኝቶ ስለነበር። አምባሳደሩ በሳምንቱ ገደማ ተመለሰ። እኔ ይህንን ቡና ለመጠጣት ወጣ ብሎ መመለስ ነው የምለው።

አይስላንድ ግን እስከ ጫፍ ሄደች፤ አወቀችበትም። ጦር ባይኖራትም ኬፍላቪክ የሚባል የአሜሪካኖች የጦር ጣቢያ ነበራት። አሜሪካኖች ከዚያ ሆነው በግሪንላንድ፣ በአይስላንድና በእንግሊዝ መካከል የሚያልፉትን የሶቪየት ሰርጓጅ መርከቦች ይከታተላሉ። “ጣቢያውን እንዘጋለን” የሚለው ወሬ ሲናፈስ ዋሽንግተን ደነገጠች። የኔቶው ዋና ጸሐፊ ዮሴፍ ሉንስ ሽምግልና ገባ። ጁን 1 ቀን 1976 ኦስሎ ውስጥ ታረቁ፤ አምባሳደሮቹም ወደየቦታቸው ተመለሱ። ኩርፊያው ከመቶ ቀን ትንሽ ቢያልፍ ነው። እንግሊዝ ያገኘችው ለ6 ወር ብቻ፣ በቀን በአማካይ በ24 መርከብ የማጥመድ ፈቃድ ነው። በሌላ አነጋገር ተሸነፈች።

የሚገርመኝ ሰውየው ነው። በእንግሊዝ በኩል ጉዳዩን የጨረሰው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንተኒ ክሮስላንድ ነበር፤ ሥልጣኑን ከያዘ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። ፓርላማ የገባው በማን ድምፅ መሰለዎት? በግሪምስቢ። የዓሣ አጥማጆቹ ተወካይ በገዛ እጁ ከባሕሩ አስወጣቸው። እንዴት አድርጎ ከተማው ተመልሶ ፊታቸው እንደቆመ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ከዚያማ ጃንዋሪ 1 ቀን 1977 እንግሊዝ ራሷ የ200 ማይል የዓሣ ክልል አወጀች። አይስላንዶች ምን ብለው ይሆን? የሀል ሰዎች ሥራቸውን አጡ። እንደ ቋሚ ሠራተኛ ስላልተቆጠሩ የአገልግሎት ክፍያ ተከለከሉ። መንግሥት ካሳ የፈቀደላቸው በ2000 ነው፤ ብዙዎቹ አርጅተው፣ አንዳንዶቹም ሞተው።

ለክፍልዎ አንድ ነገር ይሞክሩ። ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ያስቀምጡና አንድ ኳስ ለሁለት ይስጧቸው፤ መነጋገር ግን ክልክል። ሦስተኛ ልጅ መልእክት ያመላልስ። እያንዳንዱን መልእክት “ያለኝን ከፍተኛ አክብሮት እየገለጽኩ” ብሎ ይጀምር። ለዚህ ቶሎ የማይስቅ ልጅ ይምረጡ።